የአያትሽን ጠገራ ብር በሎሚ እንዳታሺው

እህቴ መጀመሪያ ነፍሳቸውን ይማር። አያትሽ ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ተቋጥሮ ያገኘሽው የድሮ ሳንቲምና የወረቀት ብር ጠቁሯል፣ በሎሚና በኦሞ ላጽዳው ወይ፣ ዋጋስ ያወጣል ወይ ብለሽ ነው የጠየቅሽው። እኔ የድሮ ገንዘብ መሰብሰብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ስለሆነኝ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ፣ ታገሽኝ።

ከላይ ኮመንት ላይ በሎሚ እሺው፣ በአመድ ፈትጊው፣ ኮካ ውስጥ አሳድሪው የሚሉሽን በፈጠረሽ እንዳትሰሚያቸው። ያ ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም፣ ብር አየር ላይ ስንት ዓመት ሲቀመጥ ላዩ ላይ የሚሠራው ሽፋን ነው፣ እንደውም ሰብሳቢ የሆነ ሰው ያንን ሲያይ ነው ደስ የሚለው ምክንያቱም ማንም እንዳልነካካው ይነግረዋል። ሎሚ አሲድ ነው፣ አመድና ስፖንጅ ደግሞ ይጭራል፣ ከታሸ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያብረቀርቅና ፊደሉና የንጉሡ ጺም ሳይቀር ደብዝዞ ይቀራል፣ የጠፋው ደግሞ አይመለስም። ጭቃ ካለበት ብቻ በንጹህ ውሃ ዘፍዝፈሽ ሳትፈትጊ በለስላሳ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርገሽ አድርቂው፣ በቃ። ስትይዢውም ጠርዙን ያዢ፣ የጣት ላብ ራሱ ምልክት ይተዋል።

አሁን ወደ ምን ምን እንዳለሽ እንምጣ። ፎቶው ላይ ትልቁ፣ ሴትዮዋ ያለችበት ጠገራ ብር ነው፣ ማሪያ ቴሬዛ። 1780 የሚለውን አይተሽ ሁለት መቶ ምናምን ዓመቱ ነው ብለሽ ጽፈሻል ግን እሱ ላይ አትቸኩዪ፣ ማሪያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ንግሥት ናት፣ የሞተችው በዚያው በፈረንጆቹ 1780 ነው፣ ከዛ በኋላ የተመታው በሙሉ ያንኑ 1780 ይዞ ነው የወጣው፣ ቪየና ብቻ ሳይሆን ሮምም ለንደንም ቦምቤይም ተመትቷል፣ ዛሬም ይመታል። ስለዚህ ዓመቱ ብቻውን ዕድሜውን አይነግርሽም። ትክክለኛው 28 ግራም ከትንሽ ነጥብ ይመዝናል፣ ከሺህ እጁ 833ቱ ንጹህ ብር ነው። ማግኔት አይስበውም፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ዙሪያውን የላቲን ጽሑፍ አለው፣ ፎርጅዱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነው። ወርቅ ቤት ሄደሽ ማስመዘን ትችያለሽ ግን እነሱ የሚነግሩሽ የብሩን የግራም ዋጋ ነው፣ ስንቱ ጠገራ በዚህ መንገድ ቀልጦ መስቀልና ሐብል ሆኖ ቀርቷል መሰለሽ። ማንጠልጠያ የተበየደለት ወይ የተበሳ ከሆነም አታስነቅዪው፣ ሰብሳቢ ዋጋ ይቀንስበታል እውነት ነው፣ እኔ ግን እንደዛ ያለውን አብልጬ ነው የምወደው ምክንያቱም አንዲት ሴት አንገቷ ላይ አድርጋዋለች ማለት ነው።

አንበሳ ያለበት ትንሹ የምኒልክ ይመስለኛል ግን ቁጥሩ በደንብ አልታየኝም። የግዕዝ ቁጥሩን አንብቢው፣ ፲፰፻፹፯ ከሆነ 1887፣ ፲፰፻፹፱ ከሆነ 1889 ነው፣ ፓሪስ ነው ያስመቱት። በመጠን ሙሉ ብር፣ አላድ (ግማሽ ብር)፣ ሩብ እያለ ይወርዳል። የአንበሳውን የፊት እግር ደግሞ እይ፣ አንዳንዱ ላይ ግራው አንዳንዱ ላይ ቀኙ ነው የተነሳው፣ ሰብሳቢዎች በዚህ ነው የሚለዩት፣ እኔም ማጉያ መነጽር የገዛሁት ለዚህ ስል ነው።

የጃንሆዩ ሳንቲሞች 1936 ነው የሚሉት፣ እሱም እንደ ጠገራው ነው፣ ዓመቱ ሳይቀየር ለብዙ ጊዜ ተመትቷል ስለዚህ ተራ የሆነው ሞልቷል። ሽልንጉ (50 ሳንቲሙ) ግን እውነተኛ ብር ነው። ከሁሉም ስሙኒዋን (25 ሳንቲሟን) ለይተሽ አስቀምጪልኝ! መጀመሪያ ስትወጣ ድፍን ክብ ነበረች፣ መዳብ ናት፣ መጠኗ ለሽልንጉ ስለሚቀርብ ሰው ብር እየቀባ ሽልንግ ነው እያለ ያሳልፋት ጀመር፣ ከዛ ነው ጠርዟ ሞገድ ሞገድ የሆነው። ያንቺ ጠርዟ ሞገድ ያልሆነ ድፍን ክብ ከሆነች ቶሎ አይገኝም፣ ለማንም እንዳትሰጪ።

ወረቀቶቹን በተመለከተ፣ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ያለበት አንድ ብር በ1937 ከወጣው የመንግሥት ባንክ ብር ነው፣ ከሁሉም በፊት እሱን ጠብቂ። ብሔራዊ ባንክ የሚል ከሆነ ከ1956 ወዲህ ነው። የደርጉ 1969 የሚለው ብዙ ሰው ቤት አለ፣ አርጅቶ የተጣጠፈው ብዙም አያወጣም። በ2013 መስከረም 10ሩ፣ 50ውና መቶው ሲቀየር ሳይቀየር የቀረውን ደግሞ ባንክ አሁን አይቀበልሽም፣ ለማስታወሻ ያዢው። የተቀደደውን በስኮች እንዳትለጥፊ፣ በካውያ እንዳትተኩሺ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደሽ ላሚኔት እንዳታስደርጊ፣ ላሚኔት የሆነ ብር እኮ አለቀለት ማለት ነው። አልበም ስትገዢም የፕላስቲክ ሽታው አፍንጫ የሚመታውን ተዪው፣ ፒቪሲ የሚባለው ከጊዜ በኋላ ሳንቲሙ ላይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል። ካላገኘሽ ነጭ ወረቀት ፖስታ ውስጥ አንድ አንድ አድርገሽ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

ዋጋውን ጠይቀሻል፣ እኔ ቁጥር አልነግርሽም፣ በፎቶ የሚገምትልሽንም አትመኚ። የማስታወሻ ዕቃ ሱቆች ይገዙ ይሆናል፣ ግን አንዱ ጋ ብቻ ጠይቀሽ እንዳትሸጪ፣ አንዱን መርጦ ሌላውን ልተወው ካለሽም እንቢ በይ። ምክንያቱም እህቴ የያዝሽው ከምኒልክ እስከ ደርግ አንዲት ሴት አንድ ጨርቅ ውስጥ ያጠራቀመችው ነው፣ እንዲህ ሙሉውን የሚገኝ በጣም ጥቂት ነው፣ ተበታትኖ ከተሸጠ ግን ገበያ ላይ እንዳለው ሌላ ሳንቲም ይሆናል። ጨርቁንም አትጣዪው። እናትሽና አጎቶችሽ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቂያቸው፣ ጠገራው ጥሎሽ ነበር ወይስ ቡና ሸጠው ያገኙት፣ ለምን ሳይቀይሩት አስቀመጡት፣ የሰማሽውን ሁሉ ጽፈሽ ከሳንቲሙ ጋር አስቀምጪው። እኔ ከመርካቶ የገዛኋቸው የማን እንደነበሩ የሚነግረኝ የለም፣ ስንቴ ተመኝቻለሁ።

ውጪ ያለ ዘመድ ላኪልኝ ካለሽ ደግሞ ቅርስ ነክ ነገር ያለ ፈቃድ ከአገር ስለማይወጣ አስቀድመሽ የቅርስ ባለስልጣንን ጠይቂ፣ ኤርፖርት ላይ እንዳይያዝብሽ።

ለማንኛውም የስሙኒዋን ጠርዝና የምኒልኩን ሁለት ፊት በቀን ብርሃን ያለ ፍላሽ አንስተሽ እዚሁ ኮመንት ላይ ልቀቂልኝ፣ የጠገራውንም ግራም ጻፊ፣ ማታ ገብቼ አያለሁ።