ኖንፊክሽን የሚባለው የትኛው ጽሑፍ ነው?

ጠያቂያችን፣ «ኖንፊክሽን» የሚባለው እውነተኛ ታሪክ ብቻ መሆኑን፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍም ይካተት እንደሆነ ጠይቀዋል። ይካተታል። ቃሉ በእኛ ኢ-ልብ ወለድ የምንለው ሲሆን፣ ጸሐፊው ከምናቡ ሳይፈጥር ስለ ገሃዱ ዓለም የሚጽፈውን ሁሉ፣ ማለትም ታሪክን፣ ግለ ታሪክን፣ የጉዞ ማስታወሻንና የሙያ መጻሕፍትን ያቅፋል። እዚህ ኮዬ ፈጬ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር መጽሐፍ የሚሸጠው ልጅ የአድዋን ታሪክና የዶሮ እርባታ መመሪያን በአንድ ረድፍ ደርድሮ ልብ ወለዱን ለብቻው ያስቀምጣል፤ አከፋፈሉ ትክክል ነው።

የሚያሳስተው ድንበሩ ነው። በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በኤርትራ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ ቢመሠረትም ልብ ወለድ ነው። በአንጻሩ የተሳሳተ መረጃ የያዘ የታሪክ መጽሐፍ፣ ስሕተቱ ቢያስወቅሰውም፣ ከኢ-ልብ ወለድነት አይወጣም፤ መለያው ጸሐፊው «የሆነውን እነግራችኋለሁ» ብሎ ለአንባቢ የሚገባው ቃል ነውና።

ስለ አጠቃቀሙ፣ በእንግሊዝኛ የማይቆጠር ስም ስለሆነ ብቻውን ሲቆም «ኤ» አይቀድመውም፤ አንድ መጽሐፍ ለማለት «ኤ ወርክ ኦፍ ኖንፊክሽን» ወይም «ኤ ኖንፊክሽን ቡክ» ይባላል። አሜሪካውያን አብዛኛውን ጊዜ አያይዘው፣ ብሪታንያውያን ደግሞ በሰረዝ ለይተው ይጽፉታል፤ ፈተና ላይ አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው ይጠቀሙ።