ልደምር ወይስ ላባዛ?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹ «ወርድ ፕሮብሌም» ስለሚሉት፣ በታሪክ መልክ ስለሚቀርበው የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሂሳብ።

ጥያቄ፦ ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። ቁጥር ብቻ ሲሆን ማንም አይቀድማትም፤ ክፍልፋዩንም መቶኛውንም ቁጭ ብላ ትሠራዋለች። ታሪክ ያለበት ጥያቄ ሲመጣ ግን ትደነግጥና «እማ፣ ልደምር ወይስ ላባዛ?» ትለኛለች። ምን ልበላት? (እናት፣ ከደሴ ሆጤ)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ክፍልፋይና መቶኛ የምትሠራ ልጅ ስሌት አልከበዳትም። ታሪኩ ውስጥ ምን እንደተደረገ ሳታይ ቁጥሮቹ ላይ ስለምትዘል ነው። «ልደምር ወይስ ላባዛ?» ብላ ስትጠይቅሽ ጥያቄው ስለ ምን እንደሚያወራ ገና አላወቀችም ማለት ነው።

ይሄ ልማድ የሚመጣው ከታች ክፍል ነው። «በጠቅላላ» ካለ ደምር፣ «ቀረ» ካለ ቀንስ፣ «እያንዳንዱ» ካለ አባዛ እየተባለ ይለመዳል። 2ኛና 3ኛ ክፍል ላይ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። 7ኛ ክፍል ሲደረስ ግን ልጁን ጉድ ያደርገዋል። ይቺን ተመልከቺ፦ «ሰዒድ 60 ብር አለው። ሰዒድ ከአሊ በ15 ብር ይበልጣል። አሊ ስንት ብር አለው?» «ይበልጣል» የምትለዋን ቃል ያየ ልጅ ወዲያው ይደምርና 75 ይላል። እንግዲህ ይበልጣል የተባለው ሰዒድ 60 ይዞ አሊ 75 ሊይዝ ነው። ታሪኩን ያነበበ ልጅ ግን አሊ ያነሰ ብር እንዳለው ገና ሳይሰላ ያውቃል። መልሱ 45 ነው።

በፈረንጆቹ 1980 ገደማ ፈረንሳይ አገር ግሬኖብል ከተማ ውስጥ ለ97 የታችኛ ክፍል ተማሪዎች እንዲህ የሚል ጥያቄ ቀረበላቸው፦ «መርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች አሉ። የመርከቡ ካፒቴን ዕድሜው ስንት ነው?» 76ቱ ቁጥሮቹን ይዘው አስልተው የካፒቴኑን ዕድሜ ተናገሩ! እነዚህ ልጆች ሰነፎች አይደሉም። ጥያቄ ከተሰጠ መልስ አለው፣ መልሱም ከቁጥሮቹ ይወጣል የሚለውን ነገር ለምደውት ነው። ያንቺም ልጅ የያዛት ይሄው ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ጥያቄውን አንዴ ታንብበው። ከዚያ ደብተሩን ክደኚና ታሪኩን ያለ ምንም ቁጥር በራሷ አፍ ትንገርሽ። ማን ምን አለው? ምን ተደረገ? ያልታወቀው የቱ ነው? ይሄን መናገር ካቃታት እርሳስ አታንሳ፣ ድጋሚ ታንብብ። መናገር ስትችል መልሱን ከነቦታው ትጻፈው፦ «አሊ ___ ብር አለው»። ከ60 ይበልጣል ወይስ ያንሳል ብለሽ ጠይቂያት። ስሌቱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያኔ መደመርና መቀነሱን ራሷ ታውቀዋለች፣ አንቺን አትጠይቅም።

ከፍ ያለ ምሳሌ ልስጥሽ፣ ዛሬ ማታ ሞክሩት። «አንድ ነጋዴ ሰኞ ገበያ 1 ኩንታል ሽንኩርት በ4,000 ብር ገዛ። 10 ኪሎው ተበላሸበት። የቀረውን ኪሎውን በ50 ብር ሸጠ። ስንት አተረፈ?» እዚህ ውስጥ ያልተጻፈ ቁጥር አለ፤ ኩንታል 100 ኪሎ መሆኑ። ያለሱ አንድ እርምጃ መሄድ አይቻልም። ቁጥር ብቻ የምትለቅም ልጅ ደግሞ 100ን በ50 አባዝታ የተበላሸውንም ትሸጥለታለች። ታሪኩን የያዘችው ግን 90 ኪሎ እንደተሸጠ ታያለች፤ 90 ሲባዛ በ50፣ 4,500 ብር። ከዚያ የገዛበትን 4,000 ስትቀንስ ትርፉ 500 ብር ይሆናል።

አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። «አባዢው» ብለሽ አትንገሪያት። አውቃለሁ፣ ማታ ሁሉም ሰው ደክሞት፣ ወጥ ምድጃ ላይ ተጥዶ፣ ልጅ ለረጅም ሰዓት አንድ ጥያቄ ላይ አፍጥጣ ስትቀመጥ ዝም ብሎ መጠበቅ ትዕግስት ይፈልጋል። ግን ከነገርሻት ያቺ ጥያቄ ብቻ ነች የምትመለሰው፤ ለቀጣዩዋ እንደገና አንቺን ትፈልጋለች።

ጥያቄ፦ 8ኛ ክፍል ነኝ። ጥያቄው «አንድ መኪና ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ወጣ፤ በዚያው መንገድ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ተመለሰ፤ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው?» ይላል። ደምሬ ለ2 አካፍዬ 25 አልኩ። መልሱ 24 ነው ተባልኩ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? (ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ጎበዝ፣ መልሱን ተቀብለህ ዝም ሳትል ለምን ማለትህ ደስ ይላል። ብዙ ትልቅ ሰውም እዚህ ጥያቄ ላይ 25 ይላል።

መንገዱን ታውቀዋለህ። ኮምቦልቻ ታች ነው፣ ደሴ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ተራራው ላይ ነው። የተጫነ ከባድ መኪና ሐረጎን ሲወጣ እያቃሰተ ነው፤ ሲወርድ ይቀለዋል። አሁን ልጠይቅህ። መኪናው ብዙ ሰዓት የፈጀው ሲወጣ ነው ሲወርድ? ሲወጣ ነው አይደል? እንግዲያው 20 በሚሄድበት ፍጥነት የቆየበት ጊዜ 30 ከሄደበት ይረዝማል ማለት ነው። ሁለቱን ፍጥነቶች ደምረህ ለ2 ስታካፍል እኩል ጊዜ እንደቆየባቸው አድርገህ ነው የቆጠርከው። እኩል የሆነው ርቀቱ ነው፣ ጊዜው አይደለም። አማካይ ፍጥነት ደግሞ ጠቅላላ ርቀት ለጠቅላላ ጊዜ ሲካፈል ነው።

እናስላው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለሂሳቡ ልክ 25 እንበል። ሲወጣ 25 ለ20 ሲካፈል 1.25 ሰዓት፣ ማለትም 75 ደቂቃ። ሲወርድ 25 ለ30፣ 50 ደቂቃ። ጠቅላላ 125 ደቂቃ ሆነ። ጠቅላላ ርቀቱ 50 ኪሎ ሜትር ነው። በ125 ደቂቃ 50 ኪሎ ሜትር ከሄደ፣ በ60 ደቂቃ ስንት ይሄዳል? 50 ሲባዛ በ60፣ ለ125 ሲካፈል፣ 24።

ጥያቄው ርቀቱን አልነገረንም ብለህ ይሆናል። ልክ ነህ፣ የዚህ ጥያቄ ውበቱም እሱ ነው። በፈለግከው ርቀት ሞክረው። መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ነው ብትል ሲሄድ 3 ሰዓት፣ ሲመለስ 2 ሰዓት፣ በድምሩ 120 ኪሎ ሜትር በ5 ሰዓት። አሁንም 24! ርቀት ያልተሰጠበት የፍጥነት ጥያቄ ሲገጥምህ ለሁለቱም ቁጥሮች ያለ ቀሪ የሚካፈል ርቀት ራስህ ምረጥና ሥራ።

ሌላ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበትን ልንገርህ። 75 ደቂቃ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው፤ ግን 1.15 ሰዓት ተብሎ አይጻፍም። ሰዓት በ60 ነው የሚከፈለው፣ 15 ደቂቃ የሰዓት ሩብ ስለሆነ 1.25 ነው። በዚህች ብቻ ስንቱ ማርክ እንደሚሄድ!

ጥያቄ፦ ኤክስ ሲገባበት ይጠፋብኛል። በግምት እየሞከርኩ ብሠራ ችግር አለው? (የ7ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ምንም ችግር የለውም። ከ3,500 ዓመት በፊት በግብፅ አህመስ የሚባል ጸሐፊ በገለበጠው ፓፒረስ ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ አለ፦ አንድ ብዛትና የዚያው ብዛት አንድ ሰባተኛ ተደምረው 19 ሆኑ፤ ብዛቱ ስንት ነው? የሠራው ከግምት ተነስቶ ነው። 7 ቢሆንስ ብሎ ጀመረ። 7ና ሰባተኛው 8 ይሆናል። 8ን ስንት እጥፍ ባደርገው 19 ይመጣል? ያንኑ ያህል 7ንም አበዛው። መልሱ 16 ከአምስት ስምንተኛ ወጣ። ኤክስ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር።

አንቺም በግምት ጀምሪ፤ ግምትሽን ግን በሥርዓት ጻፊው። «አባት 36 ዓመቱ ነው፣ ልጁ 8። ከስንት ዓመት በኋላ ነው አባት የልጁን ዕድሜ እጥፍ የሚሆነው?» 10 ዓመት ብለሽ ሞክሪ። አባት 46፣ ልጅ 18፣ የ18 እጥፍ 36፣ አልሆነም። 15? 51ና 23፣ እጥፉ 46፣ ቀረብ ብሏል። 20? 56ና 28። የ28 እጥፍ 56፣ ሆነ! አሁን ያረጋገጥሽበትን መንገድ ጻፊ፦ 36 + 20 = 2 × (8 + 20)። 20 ባለበት ሁለቱም ቦታ ኤክስ አስገቢ። ሌላ ምንም አትጨምሪ። 36 + ኤክስ = 2 × (8 + ኤክስ)። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ይሄንኑ ነው። ኤክስ ማለት ግምትሽን የምታስቀምጪበት ቦታ ነው፣ በቃ። መልሱ 16 ከአምስት ስምንተኛን የመሰለ ሲሆን በግምት ብቻ ስትፈልጊው መሽቶ ይነጋል፤ ያኔ ኤክስ ይጠቅምሻል።

ጥያቄ፦ እኔ የተማርኩት እስከ 4ኛ ክፍል ነው። ፋብሪካ በፈረቃ ነው የምሠራው። ልጄ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ይጠብቀዋል፣ እኔ ግን ደብተሩን ሳየው አይገባኝም። ምን ልርዳው? (አባት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ደብተሩ እንዲገባዎት አይጠበቅም። እርስዎ የሚያውቁትን ሂሳብ ልጁ አያውቀውም። ከመደብር ሲመለሱ ደረሰኙን ይስጡት። «ይሄ ከነቫቱ 2,300 ብር ነው፤ ያለ ቫት ስንት ነበር?» ይበሉት። አብዛኛው ልጅ የ2,300ን 15 ፐርሰንት አውጥቶ 345 ይቀንስና 1,955 ይላል። «እስቲ በ1,955 ላይ ቫት ጨምርበትና 2,300 ይመጣ እንደሆነ አሳየኝ» ይበሉት። አይመጣም፤ 2,248 ከ25 ሳንቲም ነው የሚወጣው። እዚያ ላይ ራሱ ይነቃል፤ ቫቱ የተጨመረው በመጀመሪያው ዋጋ ላይ እንጂ በ2,300 ላይ አይደለም። 2,300 የመጀመሪያው ዋጋ 115 ፐርሰንት ነው። ለ1.15 ሲያካፍል 2,000 ያገኛል።

«መልሰህ አሳየኝ» የሚለውን ጥያቄ በሁሉም ሂሳብ ላይ ይጠይቁት። መልሱን እርስዎ ማወቅ አያስፈልግዎትም። ያስረዳዎት፣ ካልገባዎት አልገባኝም ይበሉት። ለአባቱ በደንብ ማስረዳት የቻለ ልጅ ለፈተናውም አይቸገርም።

ጥያቄ፦ ሰፈር ውስጥ ልጆች አስጠናለሁ። በቀን 20 ጥያቄ እሰጣቸዋለሁ። ማካፈል የያዝን ቀን ሁሉንም ይደፍናሉ፤ ፈተና ላይ ግን ይደናገራቸዋል። (አስጠኚ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ 20ውም ማካፈል ከሆነ ማን ያነባል? የመጀመሪያውን አንብበው የቀሩትን 19 እንደዚያው ይሠሯቸዋል። ቁጥሩን ቀንስና ቀላቅል።

በ1983 በፈረንጆቹ አሜሪካ ውስጥ ለ13 ዓመት ተማሪዎች በአገር አቀፍ ፈተና የቀረበ ጥያቄ ነበር። አንድ አውቶቡስ 36 ወታደር ይጭናል፤ 1,128 ወታደሮችን ለመውሰድ ስንት አውቶቡስ ያስፈልጋል? ከመቶ 70 ያህሉ ማካፈሉን በትክክል ሠሩት፣ 31 ደርሶ 12 ይቀራል። 32 ብለው በትክክል የመለሱት ግን ከመቶ 23 ያህል ብቻ ነበሩ። ከመቶ 29 ያህሉ «31 ቀሪ 12» ብለው ጻፉ። አውቶቡስ እንዴት ቀሪ 12 ይሆናል? 12ቱ ሰዎች መንገድ ላይ ቆመዋል እኮ።

ነገ አራት ጥያቄ ብቻ ስጣቸው። አንዱ ወደ ሐይቅ ለሽርሽር ስለሚሄዱ 50 ተማሪዎች ይሁን፣ ሚኒባሱ 12 ሰው ይጭናል፤ 5 ሚኒባስ እንደሚያስፈልግ ይድረሱበት። ሁለተኛው 6 ሠራተኛ በ10 ቀን የሚጨርሰውን ሥራ 15 ሠራተኛ በስንት ቀን ይጨርሳል የሚል። ሳያነቡ የሚሠሩት 25 ቀን ይሉሃል፤ ሰው ሲበዛ ቀን ያንሳል ወይስ ይጨምራል ብለህ ጠይቃቸው። 6 ሲባዛ በ10፣ ሥራው ሁሉ ለአንድ ሰው የ60 ቀን ነው፤ ለ15 ሲካፈል 4። ሦስተኛው የመቀነስ ሆኖ «በጠቅላላ» የሚል ቃል ያለበት ይሁን። አራተኛው ደግሞ መረጃ የጎደለው፣ ሊሠራ የማይችል። «ይሄ አይሠራም፣ ዋጋው አልተነገረንም» ብሎ የጻፈልህን ልጅ ሙሉ ማርክ ስጠው።