መለዮህን አውልቀሃል፤ አሁን ከታች ጀምር

ከሜሪላንድ ለጻፍክልኝ ወንድሜ፦

በአሜሪካ ጦር አራት ዓመት አገልግለህ ተሰናብተሃል፤ አሁን የግዛቱ ምክር ቤት አባል ለመሆን ትመኛለህ። አባትህ «ነርስ ሁን፣ ፖለቲካ እንጀራ አይሆንም» ይሉሃል። አንተም በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በሰሜኑ ወገን የተዋጋውን መኮንን ጆሹዋ ቼምበርሌይንን ጠቅሰህ «እርሱ ከጦር ሜዳ በቀጥታ የሜይን ግዛት አገረ ገዥ ሆኖ የለም ወይ?» ስትል ጠየቅከኝ።

በቀጥታ አልሆነም። ይህ አሳሳች ታሪክ ብዙ ወጣት ሲያሰናክል ስላየሁ ዝም ብዬ አላልፈውም።

ቼምበርሌይንንም አባቱ ወታደር፣ እናቱ ሰባኪ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። ሥነ መለኮት ተማረ፤ የመረጠው ግን በቦውደን ኮሌጅ ማስተማርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 ሊዘምት ሲነሣ የዚያን ጊዜው የሜይን አገረ ገዥ ኮሎኔል አድርገው የአንድ ሬጅመንት (የጦር ክፍል) አዛዥ ሊሾሙት አሰቡ። አልተቀበለም። ዝቅ ካለ ማዕረግ ጀምሮ ሥራውን መማር እንደሚሻ ተናግሮ ሌተና ኮሎኔል ሆኖ ዘመተ፤ ማታ ማታ ከአዛዡ ከኮሎኔል ኤምስ የጦር ትምህርት ይቀስም ነበር። በዓመቱ በጌቲስበርግ ውጊያ፣ ሊትል ራውንድ ቶፕ በተባለው ኮረብታ፣ ጥይት ሲያልቅባቸው ወታደሮቹን በሳንጃ ቁልቁል የመራው እንዲህ የተማረ ሰው ነው።

በ1866 አገረ ገዥ ሆኖ ሲመረጥ የጦር ዝናው ረድቶታል። ዝናው ግን አላስተዳደረለትም፤ የግዛቱን የአልኮል መጠጥ ክልከላ ሕግ የሚያስከብር ልዩ ፖሊስ እንዲቋቋም ባለመደገፉ ከገዛ ፓርቲው ሰዎች ጋር ተቃቃረ። አንዱ የሥልጣን ዘመን አንድ ዓመት ብቻ ነበር። አራት ጊዜ አገልግሎ በ1871 ወደዚያው ኮሌጅ በፕሬዚዳንትነት ተመለሰ። መመለሻ ሙያ ነበረው።

አባትህ ግማሹን እውነት ይዘዋል። የሜሪላንድ ምክር ቤት መደበኛ ጉባኤ በዓመት 90 ቀን ነው፤ ብዙዎቹ አባላት ሌላ ሥራ አላቸው። ሙያ ያስፈልግሃል። ነገር ግን እንደ አንተ «የሕመምተኛ ክፍል ያስጨንቀኛል» የሚል ሰው ነርስ ቢሆን ለበሽተኛውም አይበጅም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያህን የሚሸፍንልህ አባትህ ሳይሆኑ በውትድርና ያገኘኸው መብት ነው፤ እስከ 36 ወራት። ስለዚህ አባትህን በአክብሮት አስረዳቸው፤ ፈቃድ ግን አትለምን።

የሕዝብ አስተዳደር አጥና፤ ጎን ለጎን በአንድ ተመራጭ ቢሮ በረዳትነት ተቀጠር። እኔ ዲግሪ ይዤ በአንድ ካውንቲ (የአካባቢ አስተዳደር) ማመልከቻ ተቀባይ ሆኜ ነው የጀመርኩት። በጀት የት ላይ እንደሚቆረጥ፣ አንዲት አሮጊት የቤት ግብር ቅናሽ ለማግኘት ምን ያህል ወረቀት እንደምትሞላ ያየሁት እዚያ መስኮት ላይ ነው። ይህን ሳያይ ድምፅ የሚጠይቅ ሰው ያሰጋኛል።

ስለ አነጋገርህ አትጨነቅ፤ ቼምበርሌይንም በልጅነቱ ይንተባተብ ነበር። ዕድሜህም አልረፈደም። በሜሪላንድ ዋና ከተማ በአናፖሊስ የምክር ቤቱ ጉባኤ የሚከፈተው በጃንዋሪ ስለሆነ የረዳትነት ሥራ ማመልከቻህን ከዚያ ቀደም ብለህ፣ በመኸሩ ወራት አስገባ።