ፒን የሌለው ሲአር 42 ይሠራል ወይ ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ዘመድ ከውጭ የቆየ የፊያት ሲአር 42 ኪት፣ ማለትም ባለ ሁለት ክንፉን የጣልያን ተዋጊ አውሮፕላን ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል አመጣልሽ፤ በ1/48 መጠን፣ በጥቂት ቁጥር ከሚመረቱት። ሳጥኑን ስትከፍቺ ክንፎቹ መግጠሚያ ፒን የላቸውም፣ ዳር ዳሩ ላይ ትርፍ ፕላስቲክ ተንጠልጥሏል፣ ሞተሩ ሬዚን (ፈስሶ የሚደርቅ ጠንካራ ፕላስቲክ) ነው፣ የነሐስ ቁርጥራጮቹ ከጥፍር ያንሳሉ። «ይሠራል ወይስ ልተወው?» ነው ያልሽው። ይሠራል። እኔ ያለሁት ቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ ሲወጣ ነው። የሞዴል ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ በአካባቢዬ የለም። ስለዚህ የምነግርሽ እዚሁ በሚገኝ ዕቃ እንዴት እንደሠራሁ ነው።

ኪቱ ለምን እንዲህ ሆነ? ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ቅርጽ ማውጫውን ከጠንካራ ብረት ያሠሩታል። ውድ ስለሆነ ብዙ ሺህ ሳጥን መሸጥ አለባቸው። ትንንሾቹ አምራቾች፣ ብዙዎቹ ቼክ ያሉት፣ ረከስ ባለ ማውጫና ዝቅ ባለ ግፊት ነው የሚሠሩት። ፕላስቲኩ የወፈረው፣ ጠርዙም ያልጠራው ለዚህ ነው። በዚያው ልክ ግን ትልቁ ፋብሪካ ዞር ብሎ የማያየውን አውሮፕላን እነሱ ይሠሩልናል። ሲአር 42ን በኋላ ኢታለሪም በ1/48 አውጥቶታል፤ እሱ ይቀላል። የአንቺው ግን እጅ ያስተምራል።

ከምጽፈው ሁሉ አንዱን ብቻ ብትይዢ ይሄን ያዢ፦ በእንዲህ ዓይነት ኪት ሙጫ የመጨረሻው ሥራ ነው። አብዛኛው ጊዜሽ ያለ ሙጫ በመግጠም፣ በማየት፣ በመሞረድ፣ ደግሞ በመግጠም ያልቃል። መመሪያ ወረቀቱ «ክፍል 5ን ከክፍል 6 ጋር አጣብቂ» ሲልሽ አትመኚው። ክፍሎቹ እርስ በርስ የሚስማሙት አንቺ ስታስማሚያቸው ነው።

ሥራውን በማስመሪያ ጀምሪ። የእውነተኛው አውሮፕላን ላይኛ ክንፍ 9.70 ሜትር፣ ታችኛው 6.50 ሜትር፣ ርዝመቱ ደግሞ 8.27 ሜትር ገደማ ነው። ለ48 ስታካፍይው 202፣ 135 እና 172 ሚሊ ሜትር ይመጣል። አንድ ሚሊ ቢያጥር ቢረዝም ችግር የለውም። የቀኝና የግራው ክንፍ እኩል ካልሆኑ ግን አሁኑኑ አስተካክይ፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ የአካሉ ሁለት ግማሾች። ንጹሕ የመስኮት መስታወት ላይ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ለጥፊና የሚጋጠመውን ጠርዝ በክብ በክብ አሺው። መስታወቱ ዝርግ ስለሆነ ጠርዙም ዝርግ ይሆናል። የሬዚኑ አብራሪ ክፍል መጀመሪያ ላይ እንቢ ይላል፤ ሁሌም ነው። ጥፋቱ የሬዚኑ አይደለም፣ የፕላስቲኩ ግድግዳ ስለወፈረ ነው። ከውስጥ በኩል በጠማማ ምላጭ ፋቂው። ወደ አምፖል አቅርበሽ ስታዪው ብርሃኑ በስሱ ማሳለፍ ሲጀምር አቁሚ። ከዚያ ካለፍሽ ይበሳል። የሞተሩ ሽፋን ላይም እንዲሁ ነው። የፊያት ኤ.74 ሞተር ባለ 14 ሲሊንደር፣ በሁለት ረድፍ የተደረደረ ነው። ሬዚኑ ሽፋኑ ውስጥ የሚገባው ሽፋኑን ከውስጥ ካሳሳሽው ብቻ ነው። ከውጭ ያሉትን ትንንሽ እብጠቶች እንዳትሞርጃቸው አደራ፤ የአውሮፕላኑ መልክ እነሱ ናቸው።

ሬዚን ስትሞርጂ በውሃ እያራስሽ ይሁን፣ አፍና አፍንጫሽንም ሸፍኚ። ብናኙ ሳንባ ላይ መጥፎ ነው። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ደጅ ውጪ።

ሙጫ ላይ ስንመጣ፣ ተቀጣጣይ ነገር በአየር ፖስታ ማስላክ ጣጣ ነው። እኔ ለፕላስቲኩ የምጠቀመው የመኪና ቀለም ቤት የሚሸጠውን ናይትሮ ቲነር ነው። በቀጭን ብሩሽ መጋጠሚያው ላይ ስታስነኪው ራሱ ስቦ ይገባል፤ ፕላስቲኩን አሟምቶ ያዋህደዋል። መጀመሪያ ትርፍ ቁራጭ ላይ ሞክሪው፤ የየሱቁ ቲነር ጉልበት አንድ አይደለም። መስኮት ክፈቺ፣ ከሰል አጠገብ አይሁን። ክፍሎቹ ተያይዘው የመጡበትን ፍሬም እንዳትጥይው። ቆራርጠሽ ክዳን ባለው ጠርሙስ ቲነር ውስጥ ብታሳድሪው ወፍራም ለጥ ያለ ነገር ይሆናል። ከማንኛውም ስቱኮ የተሻለ ክፍተት መሙያ ነው፤ ሲደርቅ ያው ፕላስቲኩ ራሱ ስለሆነ አይሰነጠቅም። ብቻ ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፣ ቶሎ አትሞርጂው። ለሬዚንና ለነሐስ ግን ቲነር አይሠራም፤ ሱፐር ግሉ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀትሽ፣ ወደ ክንፎቹ። ለታችኞቹ ክንፎች ፒኑን ራስሽ ሥሪ። በቀጭን መሰርሰሪያ ክንፉንም አካሉንም ብሺና የወረቀት ክሊፕ ሽቦ ክተቺበት። ላይኛውን በተመለከተ ሲአር 42 መርጠሽ ዕድለኛ ነሽ። ብዙ ባለ ሁለት ክንፍ አውሮፕላኖች በሽቦ የተወጠሩ ናቸው፤ ሞዴል ሠሪን የሚያስለቅሰውም እሱ ነው። የሲአር 42 ክንፎች ግን የተያያዙት ዚግዛግ በተደረደሩ ጠንካራ ምሰሶዎች ስለሆነ የሽቦ ሥራው እምብዛም ነው። ምሰሶዎቹ ግን አንግላቸው አንድ ዲግሪ ቢስት ክንፉ ተጣመመ ማለት ነው። ከወፍራም ካርቶን ማቆሚያ ሥሪ፦ አካሉ የሚቀመጥበት ቦይ፣ ከላዩ ክንፉ በትክክለኛው ከፍታ የሚያርፍባቸው ሁለት ትከሻዎች። ከታች የግራፍ ወረቀት አንጥፊ። ሁሉም ነገር ማቆሚያው ላይ ያለ ሙጫ ሲቆም ከፊት ዝቅ ብለሽ በአንድ ዓይን እዪው። ከዚያ መጀመሪያ የመሐሉን ምሰሶዎች ብቻ አጣብቂና እንዲያድር ተዪው። የውጪዎቹን በማግስቱ። ቀለሙን ደግሞ ከዚህ በፊት ጨርሺ፤ ክንፉ ከገባ በኋላ ብሩሽ ከሥሩ አይደርስም።

ለዝርዝሩ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ነሐሱን ወረንጦ ላይ ይዘሽ የሻማ እሳት ላይ ትንሽ ብታሳልፊው ይለሰልሳል፤ የወንበሩ ቀበቶ እውነተኛ ጨርቅ ይመስል ይታጠፍልሻል። ለመትረየስ አፈሙዝና ክንፉ ላይ ላለው የፍጥነት መለኪያ ቱቦ ፋርማሲ የሚሸጥ የመርፌ ጫፍ ይበቃል፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ መሰርሰር የለም። ለሞተሩ ሽቦዎች ከተቃጠለ ሞተር የወጣ የመዳብ ክር ፈልጊ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ከሄድሽ የማታጪው ነገር የለም።

«የወራሪን አውሮፕላን ለምን ትሠሪያለሽ?» ብለው የጠየቁሽ እንዳሉ ጽፈሻል። ይሄን በቁም ነገር ልመልሰው። ይህ አውሮፕላን በእኛ ሰማይ ላይ በርሯል። ጣልያን እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940 ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ስትገባ በስዌዝ ቦይ በኩል ያለው የባሕር መንገድ ስለተዘጋባት፣ 51 ሲአር 42 ተፈታትተው በኤስኤም 82 ማጓጓዣ አውሮፕላኖች ሆድ ውስጥ ከሊቢያ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተጭነዋል። ዝነኛው አብራሪያቸው ማሪዮ ቪሲንቲኒ የካቲት 1941 ኤርትራ ውስጥ ከተራራ ጋር ተላትሞ ሞተ። በሚያዝያ ወር አዲስ አበባ ከእጃቸው ወጣች። አያቶቻችን ቀና ብለው ያዩት ነገር ምን እንደሚመስል በትክክል መሥራት ማድነቅ አይደለም። እኔ በበኩሌ መደርደሪያው ላይ ከጎኑ «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን ማቆም እፈልጋለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1935 እዚሁ አዲስ አበባ ተሠርታ፣ ተዘርፋ ጣልያን ከርማ፣ በጥር 2024 የተመለሰችውን። የእሷ ኪት የለም፣ ከባዶ ፕላስቲክ መቅረጽ ነው። ሲአር 42 ላይ የምትማሪው እጅ ለእሷ ይሆናል።

ቀለሙ አሸዋማ ቢጫ ላይ አረንጓዴና ቡናማ ነጠብጣብ፣ ሆዱ ግራጫ ነው። ሳጥኑ ላይ ያለውን ሥዕል ሳይሆን የአንድ አውሮፕላን ፎቶ ይዘሽ ሥሪ። ጎማ ሽፋኖቹም እንደዚሁ ናቸው፤ ሜዳ ላይ ብዙ ጊዜ ያወልቋቸው ስለነበር ፎቶሽ የሚለውን ተከተይ። ለነጠብጣቡ ኤርብራሽ (ቀለም በአየር ግፊት የሚረጭ መሣሪያ) ግድ ነው። መብራት እየሄደ ካስቸገረሽ ጎሚስታ ጋ ትርፍ ጎማ ከነቸርኬው አስሞይ። ጎማው ውስጥ ያለው አየር ኤርብራሹን ይነፋልሻል፤ ድምፅም የለውም። በበጋ የእኛ አየር ደረቅ ስለሆነ ቀለሙ የኤርብራሹ ጫፍ ላይ ይደርቃል፤ ማዘግያ ጨምሪ፣ ጠዋት ንፋስ ሳይነሳ ሥሪ። ከሰዓት በኋላ አቧራው ይመጣል። በክረምት ደግሞ በቲነር የቀጠነ ቀለም በእርጥበቱ ነጭ ጉም ይይዛል፤ ዝናብ እየጣለ አትርጪ።

የመጨረሻው ተለጣፊ ምልክቶቹ ናቸው። የቆየ ኪት ስለሆነ ቢጫ ሆነው ሊሆን ይችላል። ከነወረቀታቸው በላስቲክ አሽገሽ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ በፕላስተር ለጥፊያቸው፤ በጥቂት ሳምንት ይነጣሉ። ከዚያ የማትፈልጊውን አንዱን ውሃ ውስጥ ነክረሽ ፈትኚ። ከተበጣጠሰ ቀሪዎቹን ሳትነክሪ ቫርኒሽ ንፊባቸውና ሲደርቅ እያንዳንዱን ጥግ ጥጉን በመቀስ ቁረጪ።