አዲስ መኪና፣ ስስ ቀለም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አዲስ መኪና ቀለም ናቸው። አይገርምም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ዜሮ ኪሎ ሜትር የኤሌክትሪክ መኪና በየሰፈሩ ማየት ተለምዷል። ያገለገለ ቪትዝ ገዝቶ የሚነዳ ሰው ስለ ቀለም ብዙም አይጨነቅም ነበር። አሁን የፋብሪካ ቀለሙ ያልተነካ መኪና የያዘ ሰው በዝቷል፤ መካሪውም አብሮ በዝቷል። አንዳንዱ ምክር ግን ቀለሙን ጨርሶ የሚያበላሽ ስለሆነ ዛሬ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ነህ? ከወር በፊት ጥቁር የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ስረከባት ታብለጨልጭ ነበር። ቤት ወስጃት ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያርፍባት ግን ኮፈኑ ላይ ክብ ክብ የሆኑ ቀጫጭን ጭረቶች አየሁ። ሻጮቹ "ቀለሙ አዲስ ስለሆነ ገና አልጠናም፣ ስድስት ወር ሳይሞላ ምንም አታስነካት" አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ዛሬውኑ ሴራሚክ የሚባለውን የቀለም መከላከያ አስቀባ ይለኛል፤ ዋጋው ግን ከደሞዜ በላይ ነው። ማንን ልስማ?
ባለ ጥቁሯ፣ ከሲኤምሲ

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አትስማ።

መጀመሪያ "ገና አልጠናም" የሚለውን እንጨርስ። የፋብሪካ ቀለም ምድጃ ውስጥ ገብቶ እስከ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ነው የሚጋገረው። ከፋብሪካ ሲወጣ ጠንክሮ ያለቀለት ነው። መኪናዋ በመርከብ ጅቡቲ ደርሳ አንተ እጅ እስክትገባ ደግሞ ስንት ሳምንት አልፏል። "ይጠንክር" የሚባለው ጋራዥ ውስጥ ድጋሚ ለተቀባ መኪና ነው። እዚያ ሙቀቱ ዝቅተኛ ነው፣ ወይም ጭራሽ በአየር ብቻ ነው የሚደርቀው፤ ስለዚህ ሰም ሳይነካው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ቢቆይ ጥሩ ነው። እና አዲስ ብለው የሸጡልህን መኪና "ቀለሟ አልጠናም" ካሉህ፣ የትኛው ክፍሏ ነው ድጋሚ የተቀባው ብለህ ጠይቅ። መንገድ ላይ ተጭራ ወይም ተጋጭታ የተነካካች ልትሆን ትችላለች። የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው ባለሙያ ዘንድ ወስደህ አስለካት። የፋብሪካ ቀለም ሁሉም ንጣፍ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። አንዱ በር 120 ብሎ የጎኑ በር 300 ካለ፣ ያ በር ስቱኮ ወይም ሁለተኛ ቀለም አለበት። ይህን ቶሎ ብታውቀው ይሻላል፤ ርክክቡ ገና ትኩስ እያለ መከራከር ትችላለህ።

አሁን ወደ ጭረቶቹ። ላሜራው ላይ መጀመሪያ የዝገት መከላከያ አለ፣ ከዚያ ፕራይመር የሚባለው የሥር ቀለም፣ ከዚያ ጥቁሩ ቀለም፣ ከላይ ደግሞ ክሊር የሚባለው ቀለም የሌለው ግልጽ ንጣፍ። አንተ ያየሃቸው ጭረቶች ያሉት ክሊሩ ላይ ነው። ውፍረቱ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት 100 ማይክሮን ያህል ስለሆነ፣ ክሊሩ የአንድ ወረቀት ግማሽ ማለት ነው። ከፀሐይ፣ ከዝናብና ከአቧራ መኪናህን የሚጠብቃት ይኸው ነው። ፀሐዩም ቀላል አይደለም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጎጂው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ፖሊሽ ማለት ጭረቱ እስኪጠፋ ድረስ ክሊሩን ከላይ በጥቂት ማይክሮን መላጥ ነው። የተላጠው አይመለስም። ስለዚህ "በየሦስት ወሩ ፖሊሽ እናደርግልሃለን" የሚልህን ሰው አመስግነህ እለፈው።

ጭረቶቹ የመጡት ሾውሩም ውስጥ አቧራዋን በደረቅ ጨርቅ ሲጠርጓት ይመስለኛል። ክብ ክብ መስለው የሚታዩት በብርሃኑ ዙሪያ ስለሆነ፣ ማታ የስልክህን መብራት አጋድመህ ብታበራበት እያንዳንዱን ታየዋለህ። መፍትሔው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በስሱ ማስተካከል ነው። ሠራተኛው መጀመሪያ በደንብ ይጠባት፣ የተጣበቀውን ቆሻሻ ያንሳ፣ ከዚያ ኮፈኑ ላይ ሁለት መዳፍ በምታህል ቦታ በጣም ስሱን ፖሊሽ ይሞክር። እሱ ካጠፋው ወፍራሙን ምን አመጣው? ማሽኑንም እይ። እየዞረ ወዲያ ወዲህ የሚንቀጠቀጠው ማሽን ለጀማሪም አደጋው ትንሽ ነው። ባንድ አቅጣጫ ብቻ በኃይል የሚሽከረከረው ግን እጁ ባልለመደ ሰው ከተያዘ የኮፈኑን ጠርዝና የበሩን መስመር በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥለዋል። ጠርዝ ላይ ክሊሩ ይበልጥ ስስ ነው። የፊት መከላከያው ደግሞ ፕላስቲክ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ አያስወጣም።

ሥራው ሲያልቅ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት አንድ ፓነል ላይ በውሃ የቀጠነ አልኮል ረጭተህ ጥረግ። ቅባት የበዛበት ፖሊሽ ጭረቱን ሳያጠፋው ይሸፍነዋል፤ ሁለት ሦስቴ ስትታጠብ ሁሉም ተመልሶ ይመጣል። አልኮሉ ቅባቱን ስለሚያነሳው እውነቱን እዚያው ታያለህ።

ሴራሚኩስ? ክፉ አይደለም። ዋናው ነገሩ ሲሊካ ነው፣ ክሊሩ ላይ ተጣብቆ ይደርቃል፣ ውሃና ጭቃ ቶሎ እንዲንሸራተት ያደርጋል፣ በደንብ ከተያዘ ዓመታት ይቆያል። ጠጠር ግን አያቆምም። "9ኤች ጥንካሬ አለው" ሲሉህም የሚያወሩት በእርሳስ ስለሚሠራ የጥንካሬ ሙከራ ነው፤ ቁልፍ አይጭረውም ማለት አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጭረቱ ሳይነሳ ሴራሚክ ካስቀባህ ጭረቱን ከሥሩ ቆልፈህበታል፤ እሱን ለማንሳት መጀመሪያ የከፈልክበትን ሴራሚክ መላጥ ሊኖርብህ ነው። ገንዘቡ ከከበደህ ጥሩ ሰም ይበቃሃል። የሰም ዕድሜ ሳምንታት ወይም ሁለት ወር ገደማ ነው፣ ሲላንት የሚባለው ሠራሽ መከላከያ ደግሞ ጥቂት ወራት ይቆያል። ሁለቱንም ቅዳሜ ከሰዓት ጥላ ሥር ሆነህ ራስህ ትቀባዋለህ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ገና ሦስት ወሯ ነው። የግቢያችን ዘበኛ ጎበዝ ሰው ናቸው፣ በየጠዋቱ እኔ ሳልነሳ በጨርቅ ወልውለው ይጠብቁኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ላቫጆ እወስዳታለሁ። ማታ ደግሞ ልብስ አለብሳታለሁ። ይህን ሁሉ እያደረግኩ ቀለሟ ለምን ይደበዝዛል?
ከቡልቡላ

መልስ፦ እህቴ፣ የደበዘዘችው በዚሁ ሁሉ እንክብካቤ ነው። ይህን ስጽፍ ቅር እንደሚልሽ ይገባኛል፣ ግን ሳልነግርሽ ባልፍ ደግሞ ክሊሯ በጭረት ይሞላል።

የአዲስ አበባ አቧራ ዱቄት አይደለም። በየመንገዱ ግንባታ አለ፤ አቧራው ውስጥ አሸዋ፣ የተፈጨ ድንጋይና ሲሚንቶ አለበት። ዘበኛችሁ ደረቁን ጨርቅ ኮፈኑ ላይ ሲጎትቱት አሸዋውንም አብረው እየጎተቱት ነው። ያንኑ ጨርቅ ረግፈው ነገም ይጠቀሙበታል። በአክብሮት ንገሪያቸው፤ "አቧራዋን ይተዉልኝ፣ መስታወቱንና ስፖኪዮውን ብቻ በውሃ ይጥረጉልኝ" በያቸው። አቧራ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ቀለም አይጭርም፤ የሚጭረው ሲታሽ ነው። ልብሱም እንደዚሁ ነው። አቧራ ለብሳ የዋለች መኪና ላይ የተጣለ ልብስ ነፋስ በነካው ቁጥር እያሸ ያድራል። ንጹሕ ስትሆን ብቻ አልብሻት፣ ካልሆነ ይቅር።

ላቫጆውን በተመለከተ፣ ልጆቹን መውቀስ አልፈልግም። ብዙ መኪና በትንሽ ዋጋ ማድረስ አለባቸው። ግን አንዱ ስፖንጅ የቀደመውን የጭነት መኪና ቸርኬ አጥቦ አንቺ ኮፈን ላይ ይመጣል። ስለዚህ የራስሽን ዕቃ ይዘሽ ሂጂ፣ አይቀየሙሽም። ሁለት ባልዲ፣ ሁለት የማይክሮፋይበር ጓንት ወይም ጨርቅ፣ የመኪና ሻምፑ። መጀመሪያ በውሃ ግፊት ብቻ፣ ምንም ሳይነካት፣ አሸዋው ይውረድ። ከዚያ ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች፤ ጨርቁ አንድ ክፍል ካጠበ በኋላ በንጹሕ ውሃው ባልዲ ይታጠባል፣ ከዚያ ወደ ሻምፑው ይመለሳል። የበሮቹ የታችኛው ክፍል መጨረሻ ላይ፣ ቸርኬው ደግሞ በሌላ ጨርቅ። ላርጎ አይግባ፤ የዕቃ ሳሙና የቀባሽውን ሰም ጠራርጎ ይወስደዋል። ፀሐይ ላይ አትታጠብ። በተለይ የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ላቫጆዎች ጋር ውሃው በላይዋ ከደረቀ ነጭ ነጭ ክብ ምልክት ይተዋል። እሱ ከመጣ አቼቶ በእኩል ውሃ አቅጥነሽ በእርጥብ ጨርቅ ንኪውና ወዲያው በብዙ ውሃ አጥቢው።

ጥያቄ፦ እኔ ጡረተኛ ነኝ። ልጆቼ ነጭ አዲስ መኪና ገዙልኝ። ከቤቴ አጠገብ ፎቅ እየተሠራ ነው። መኪናው ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ወጣ። ዝገት ነው? በቤንዚን ልጠርገው?
ከገርጂ

መልስ፦ አባቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ቤንዚኑን ይተዉት።

የርስዎ መኪና ላሜራ አልዛገም። የዛገው ሌላ ብረት ነው። ጎረቤት ፌሮ ሲቆረጥና ብየዳ ሲበየድ የሚረጨው ብናኝ ትኩስ ሆኖ ቀለሙ ላይ ያርፍና ይሰካል፤ ከዚያ ጤዛና ዝናብ ሲያገኘው እያንዳንዷ ቅንጣት ትዝጋለች። ጣትዎን ቢያሳልፉበት አሸዋማ ሆኖ ይሰማዎታል። ለዚህ የተሠራ የብረት ማስለቀቂያ ፈሳሽ አለ። በጥላ ሥር፣ ቀዝቀዝ ባለ ላሜራ ላይ ይረጩታል። ብረቱን ሲያገኘው ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ይለወጥና ወደ ታች ይወርዳል፤ ነጭ መኪና ላይ ደግሞ ግልጽ ሆኖ ስለሚታይ ልጅዎ ቢያግዝዎት ሥራው ቀላል ነው። ሳይደርቅ በብዙ ውሃ ይታጠብ። የቀረውን ጭቃ መሳዩ የመኪና ማጽጃ ሸክላ ያነሳዋል። ሸክላውን በሻምፑ ውሃ እያረጠቡ በቀስታ ማንሸራተት ነው፣ መጫን አያስፈልግም። መሬት ላይ የወደቀ ሸክላ ግን አሸዋ ይዟልና ይጣል።

የሲሚንቶ ጠብታ ካለ በጥፍር ወይም በቢላ እንዳይፍቁት። እርጥብ ጨርቅ ደርበው ያቆዩት፣ በቀጠነ አቼቶ ያለስልሱት። ፎቁ እስኪያልቅ ድረስ ቢቻል ሌላ ቦታ ያቁሟት።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የምጽፍላችሁ ከቨርጂኒያ ነው። መኪና ልገዛ ስፈርም ዲለሩ "የቀለም መከላከያ ፓኬጅ" ብሎ ብዙ ዶላር ጨመረብኝ። ሥራዬ ሃይዌይ ላይ ነው። ላስቲኩ ይሻላል ወይስ ሴራሚኩ?

መልስ፦ ለአንተ ላስቲኩ። ፒፒኤፍ የሚባለው የፖሊዩሪቴን ላስቲክ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ውፍረት አለው፣ ከክሊሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከፊትህ ካለው ትራክ ጎማ የሚወረወረውን ጠጠር የሚቀበለው እሱ ነው። ቀላል ጭረት ሲያገኘውም በፀሐይ ወይም በሙቅ ውሃ ይድናል። መኪናውን ሁሉ ማልበስ ግዴታ አይደለም፤ የፊት መከላከያው፣ ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎውና የስፖኪዮው ጀርባ ይበቃል። በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ጠጠር የከፈተውን ቀዳዳ ሲያገኝ ነው ላሜራውን የሚበላው፣ ስለዚህ ፊቱን ማልበስ ለአንተ ትርፍ ወጪ አይደለም።

የዲለሩን ፓኬጅ ግን እዚያው አትፈርም። ምርቱ ማን ይባላል፣ ማን ነው የሚቀባው፣ ዋስትናው ምን ምን አይሸፍንም ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ። ከዚያ ይህንኑ ብቻ ከሚሠራ ሱቅ ዋጋ አምጣና አወዳድር። ካልፈለግከውም አስወጣው፤ መኪናውን ለመግዛት ግዴታ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሁለት አጭር ጥያቄ አለኝ። የወፍ ኩስ ኮፈኔ ላይ ደርቆ ካነሳሁት በኋላ የደበዘዘ ምልክት ቀረ። ልጆች ደግሞ በሩን በሚስማር ጭረውታል። ሁለቱም ይለቃል?

መልስ፦ የወፍ ኩስ አሲድነት አለው፣ ፀሐይ ሲያሞቀው ክሊሩን ይበላዋል። ሁለተኛ ሲያጋጥምህ እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ደርብበትና ሲርስ አንሳው፤ ደረቁን አትፈግፍገው። የቀረው ምልክት በጣት ካልተሰማ በስሱ ፖሊሽ ሊጠፋ ይችላል። ጉድጓድ ሆኖ ከተሰማህ ግን የሚሻለው መተው ነው፤ እሱን ለማጥፋት ሲባል ዙሪያውን አታስልጥ።

የሚስማሩን በጥፍርህ ፈትነው። በጭረቱ ላይ አግድም ስታሳልፈው ጥፍርህ ካልያዘ ፖሊሽ ሊያነሳው ይችላል። ከያዘ ጭረቱ ጠልቋል። ነጭ ፕራይመር ወይም ላሜራ ከታየህ ደግሞ ዝናቡ ሳይደርስ ዝጋው። የቀለሙን ኮድ ፈልግ፤ ብዙውን ጊዜ የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ባለው ተለጣፊ ወይም ከኮፈኑ ሥር ተጽፎ ታገኘዋለህ። በዚያ ኮድ ትንሽ ቀለም አስቀምምና በቀጭን ብሩሽ ስንጥቁን ብቻ ሙላ። ባለ ጋራዡ "በሩን በሙሉ እንርጨው" ቢልህ እሺ አትበል። የፋብሪካው ቀለም በሩ ላይ እስካለ ድረስ ስትሸጣትም ዋጋ አለው።