«ሚና ይጫወታሉ» ሲባል ምን ይሠራሉ?

ጥያቄ፦ «የማየሊን ፕሮቲኖች በአንጎል እድገትና ጥገና ከፍተኛ ሚና ይጫወታሉ» ብዬ ጽፌ ነበር። አራሚው «ሚና ይጫወታሉ» የሚለውን ሰርዞ ዳር ላይ «ምን ያደርጋሉ?» ብሎ ጻፈልኝ። ስህተቴ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ሰዋስዉ ምንም አልሆነም። አገላለጹም ከውጭ የገባ ቢሆንም ጆሯችን ለምዶታል፤ በሱ አልጣላም። ችግሩ ሌላ ነው። የአማርኛ ጉልበት ያለው ግሱ ላይ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ግሱን ሥራ አስፈቱት።

ማየሊን የነርቭ ክርን የሚሸፍን፣ ቅባት የበዛበት ልባስ ነው። መልእክት በክሩ ላይ ቶሎ የሚያልፈው በሱ ምክንያት ነው። አንጎል ውስጥ ይህን ልባስ የሚሠሩት ኦሊጎዴንድሮሳይት የሚባሉ ሴሎች ናቸው፤ ገለፈታቸውን፣ ማለትም ስስ የሴል ሽፋናቸውን፣ ክሩ ላይ ደጋግመው ይጠቀልሉታል። ኤምቢፒ የሚባለው የማየሊን ፕሮቲን ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፤ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸውን የገለፈቱን ውስጣዊ ገጾች በሁለት በኩል ይዞ ያጣብቃል። ይህ ፕሮቲን ሲፈጠሩ የጎደላቸው አይጦች አሉ። አንጎላቸው ውስጥ ልባሱ በወጉ አይጠብቅም፤ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል። እንግዲህ ይይዛል፣ ያጣብቃል፣ ያጠብቃል እያለ «ሚና» ምን ይሠራልናል?

«እድገት» ላይ ብዙ አልልም። ልባሱ መሠራት የሚጀምረው ከመወለድ በፊት ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላም ይቀጥላል። ይህችን ቢጨምሯት ይበቃል።

«ጥገና» ላይ ግን ዐረፍተ ነገሩ አንባቢን ያሳስታል። «ሚና ይጫወታሉ» ሲባል ሰው «ያግዛሉ» ብሎ ነው የሚረዳው። ኖጎ-ኤ የሚባለው የማየሊን ፕሮቲን ግን የተቆረጠ የነርቭ ክር መልሶ እንዳያድግ ያግዳል። መልቲፕል ስክለሮሲስ በሚባለው የነርቭ በሽታ ልባሱ ሲጎዳም የሚጠግኑት ሴሎች ናቸው። ለጋ ሴሎች ይበስሉና ፕሮቲኑን አምርተው እንደገና ይጠቀልላሉ። የፈረሰው ማየሊን ካልተጠረገ ደግሞ ያው ፍርስራሽ ለጋዎቹ እንዳይበስሉ ያደርጋል። አጋዡም አጋጁም «ሚና ይጫወታል» ከተባለ ማን ምን እንደሠራ በምን ይለያል?

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ኤምቢፒ የማየሊንን ድርብርብ ያጣብቃል፤ ኖጎ-ኤ ግን የተቆረጠ ክር እንዳያድግ ያግዳል።»

«ጥገና»ን አይንኩት፤ ስብራትም ይጠገናል ይባላልና ለአካል ይሆናል። «ከፍተኛ» ግን ይውጣ። ከምን ከፍ እንዳለ አልነገሩንም።