ፈቃዱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ይግባ

እህታችን «ሐዋሳ ውስጥ ያለን ጥቂት አካል ጉዳተኞች ለመብታችን መደራጀት እንፈልጋለን፤ የማኅበር ፈቃድ ከማውጣት እንጀምር ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም በዚሁ ከተማ በተሽከርካሪ ወንበር የምንቀሳቀስ፣ ከጓደኞቼ ጋር በዚህ ጉዳይ ዓመታት ያሳለፍኩ ነኝ።

ለፈቃዱ አትቸኩሉ። ማኅተም አስቀርጸው ኅዳር ላይ የአካል ጉዳተኞችን ቀን ከማክበር ያላለፉ ስብስቦች አይቻለሁ። አባልን አሰባስቦ የሚያቆየው በእጅ የገባ ውጤት ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ ከሚያስቸግሯችሁ ነገሮች አንዱን ምረጡ።

እኛ የመረጥነው የሕንፃ መግቢያ ደረጃን ነበር። ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ መንገዱ ብዙ አያስቸግረኝም፣ የምቀረው በር ላይ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ጥበቃዎቹ «ተሸክመን እናስገባሃለን» ይሉኝ ነበር። ቅንነታቸውን አልክድም፤ ነገር ግን ሰው ተሸክሞ ባስገባኝ ቢሮ ውስጥ እንደ ባለጉዳይ ቀና ብዬ መጠየቅ ይከብደኛል። ደብዳቤ ጻፍን። በቃል የተነገረ አቤቱታ ሰሚው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳይደረግበት ከመዝገብ ቤቱ አትውጡ። ግልባጩን ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የሐዋሳ ጽሕፈት ቤት አድርሱ። ቃሉ የልመና አይሁን። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል፤ አገራችንም የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 አጽድቃለች። አዋጁ በሌላ አለመተካቱን አጣርታችሁ ሁለቱንም ጥቀሱ።

በደረጃው ፈንታ ለወንበር የሚሆነው ተዳፋት መወጣጫ ሲሠራ ደግሞ ሜትር ይዛችሁ ተገኙ። ለእኛ መጀመሪያ የተሠራው ቀጥ ከማለቱ የተነሣ ወንበሬ ወደ ኋላ ይንሸራተት ነበር። ለ15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 180 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፤ ይህንን በሁለተኛው ደብዳቤ ላይ ስናሰፍር ተስተካከለ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የመጀመሪያው መዋጮ ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይዋል፤ መስማት የተሳናቸው አባላት ባልተረዱት ጉዳይ ላይ ውሳኔ አታሳልፉ። ቃለ ጉባኤውም ከመፈረሙ በፊት ለዓይነ ስውራን ይነበብ። የተገፋን ሰዎች እርስ በርስ ስንገፋፋ ማየት ያመኛል። ዘይትና ዱቄት ከካሜራ ጋር ይዞ የሚመጣ ሰውም አይጠፋም፤ የቸገረው አባል እርዳታውን ይቀበል፣ ፎቶውን ግን እምቢ በሉ።

«በመብት ጉዳይ መሥራት ክልክል ነው» የሚላችሁ ካለ አትደንግጡ። በ2001 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠሩ ያግድ ነበር፤ በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል። አባሎቻችሁ ሲበረክቱና ገንዘብ መያዝ ሲያስፈልጋችሁ ያኔ ተመዝገቡ፤ በክልሉ ውስጥ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ምዝገባው እዚሁ በክልሉ ነው።

ጉዳያችሁን ከመረጣችሁ ጻፊልኝ፤ ደብዳቤውን አብረን እናረቃለን።